ጆሯችን የማይሰማው የባሕር ድምፅ

መግቢያ

የኮሙኒኬሽን መግቢያ ኮርስ የወሰደ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሥዕል አለች። በአንድ በኩል መልእክት ላኪ፣ በሌላ በኩል ተቀባይ፣ በመሃል መስመር፣ ወደ መስመሩ ደግሞ ቀስት የወረወረ «ጫጫታ» የሚል ሳጥን። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣት፣ ዋረን ዊቨር ደግሞ በ1949 ለብዙኃን ያብራራት ሥዕል ነች። ጫጫታ ማለት መልእክቱን የሚያበላሽ ነገር ነው ተብለን ተምረናል፤ ጽፈንም ተፈትነንበታል።

ለመሆኑ ግን ጫጫታ የሚባል ነገር በተፈጥሮ አለ? ወይስ ጫጫታ ያልነው እኛ ነን? ይህ ጥያቄ የፍልስፍና ብቻ ይመስላል እንጂ አይደለም። መልሱን ለመፈለግ በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እወስዳለሁ። ምሳሌው ከጋዜጠኝነት በጣም የራቀ ነው፤ የውቅያኖስ ሞገድ የሚያወጣው፣ የሰው ጆሮ ግን የማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ። በመጀመሪያ ድምፁ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደሚፈጠር እናያለን። ቀጥለን ለምን ጫጫታ ተባለ፣ ለማንስ መልእክት ሆነ የሚለውን አንስተን ወደ ሙያችን እንመለሳለን። መልካም ንባብ።

ምን ዓይነት ድምፅ ነው?

ድምፅ ማለት የአየር ግፊት መለዋወጥ ነው። አየሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚለካው ደግሞ በኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ በአማካይ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። ከ20 ኸርዝ በታች ያለው ኢንፍራሳውንድ ይባላል። ዝሆኖች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ድምፅ ከፊሉ በዚህ ክልል ውስጥ ነው።

የውቅያኖሱ ድምፅ ግን ከዝሆኑም እጅግ ያንሳል። ወደ 0.2 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ማለትም አንዱ ምት ተጀምሮ እስኪያልቅ 5 ሰከንድ ይፈጃል። እስቲ ሰዓታችሁን እያያችሁ አምስት ሰከንድ ቁጠሩ። ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ ነው አየሩ አንዴ የሚገፋውና የሚሳበው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 1,700 ሜትር ይደርሳል። ይሄ ከአራት ኪሎ አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ አደባባይ ካለው ርቀት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሳይንቲስቶቹ ማይክሮባሮም ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ማይክሮባሮም ባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው የሚሰማው የሞገድ መሰበር ድምፅ አይደለም። ዳርቻውን የሚመታው ሞገድ የራሱ ኢንፍራሳውንድ ቢኖረውም ድግግሞሹ ከ1 ኸርዝ በላይ ነው፤ ርቆም አይሄድም። ማይክሮባሮም ግን ከውቅያኖሱ መሃል ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚደርስ ነው።

ድምፁ ሩቅ ይሂድ እንጂ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። የሚያስከትለው የግፊት ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ፓስካል በታች ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለው ጠቅላላ የአየር ግፊት ወደ 100,000 ፓስካል መሆኑን ስናስብ የድምፁ ትንሽነት ይገባናል። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ታወቀ?

የተገላበጠው ስፒከር

ታሪኩ የሚጀምረው ከአየር ሳይሆን ከመሬት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቲሞቴዮ ቤርቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ በፍሎረንስ ከተማ ፔንዱለም ሰቅሎ ሲከታተል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በሌለበት ጊዜም ፔንዱለሙ በጣም በትንሹ እንደሚወዛወዝ አስተዋለ። መሬት ጭራሽ አርፋ አታውቅም ማለት ነው። ይህ ጥቃቅን ርግብግቢት ኋላ ማይክሮሲዝም ተባለ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎች በዓለም ላይ ሲበዙ ሁሉም ጋ ያው ርግብግቢት ተገኘ፤ ባለሙያዎቹም ትክክለኛውን ርዕደ መሬት የሚሸፍን ጫጫታ ነው ብለው ያማርሩበት ጀመር።

በ1939 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ከተማ የሚሠሩ ሁለት የርዕደ መሬት ሊቃውንት፣ ሁጎ ቤኒኦፍና ከጀርመን የመጣው ቤኖ ጉተንበርግ፣ በአየሩ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁ። መሣሪያቸው ምን እንደነበር ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። አንድ የእንጨት ሳጥንና በላዩ ላይ የተገጠመ ድምፅ ማጉያ፣ ማለትም ስፒከር ነው። የሬዲዮ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ስፒከር ኤሌክትሪክ ሲሰጡት አየሩን ይገፋል፤ አየሩ እሱን ሲገፋው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህ ገልብጠው እንደ ማይክራፎን ተጠቀሙበት። በነገራችን ላይ ቤኒኦፍ ኤሌክትሪክ ቫዮሊንና ፒያኖ የሠራ ሰው ነው። ለድምፅ ባዕድ አልነበረም።

ሳጥኑ ያሰማቸው ነገር በየጥቂት ሰከንዱ የሚመላለስ የአየር ግፊት ነበር፤ ከማይክሮሲዝሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሁለቱ ሊቃውንት ምንጩ በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ላይ የሚያልፈው ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። በ1945 ደግሞ ሳክሰር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የድምፁ ጥንካሬ በውቅያኖስ ላይ ካለው የሞገድ ከፍታ ጋር እንደሚሄድ አሳየ። አስተውሉ፤ ስዊዘርላንድ እንደ እኛው ባሕር የሌላት አገር ናት። ባሕር ሳይኖራቸው ነው ባሕሩን ያዳመጡት።

ድምፁ እንዴት ይፈጠራል? የሳፋው ምሳሌ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንድ ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጓዝ ይህን ድምፅ አይፈጥርም። ምክንያቱም የሞገዱ ጫፍ አየሩን ወደ ላይ ሲገፋ ከጎኑ ያለው ጎድጓዳ ክፍል ወደ ታች ይስበዋል። ሞገዱ ከድምፅ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ግፊቱና ስበቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ርቆ የሚሄድ ነገር አይተርፍም። ወደ ጥልቁም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሞገዱ ግፊት ወደ ታች በወረድን ቁጥር ቶሎ ይከስማል።

ምሥጢሩ ያለው ሁለት ሞገዶች ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው። እኩል ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ሞገዶች ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ሲገጥሙ ውሃው ወደፊት አይሄድም፤ ባለበት ይረግጣል። ይህን ቤታችን ውስጥ ማየት እንችላለን። ሳፋ ላይ ውሃ ሞልታችሁ ስትሸከሙት ውሃው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በግራ በኩል ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይስተካከላል፤ በቀኝ ከፍ ይላል፤ እንደገና ይስተካከላል። ይህ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ልብ በሉ፤ ውሃው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ተከመረ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተስተካከለ። ውሃው ሲከመር የክብደቱ ማዕከል በጥቂቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲስተካከል ይወርዳል። ስለዚህ ሳፋውን የተሸከመው ሰው ክብደቱን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥበት ይሰማዋል።

ውቅያኖሱም በቃ እንዲሁ ነው። የክብደቱ ማዕከል ሰፊ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ሲነሣና ሲወርድ እርስ በርስ የሚጣፋ ነገር የለም። ወደ ላይ አየሩን ይገፋል፤ ይህ ማይክሮባሮም ነው። ወደ ታች የባሕሩን ወለል ይጫናል፤ ይህ ማይክሮሲዝም ነው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚሆንም የድምፁ ድግግሞሽ የሞገዱ እጥፍ ነው። በ10 ሰከንድ የሚመላለስ የባሕር ሞገድ በ5 ሰከንድ የሚመላለስ ድምፅ ይሰጣል። የ0.2 ኸርዝ ምንጭ ይሄው ነው። የዚህን ሒሳብ መሠረት በ1944 ፈረንሳዊው ሚሽ ጣለ፤ እንግሊዛዊው ማይክል ሎንጌት-ሂጊንስ ደግሞ በ1950 ለማይክሮሲዝም ሙሉ ማብራሪያ አድርጎ አወጣው።

ተቃራኒ ሞገዶች የት ይገናኛሉ ቢባል ሦስት ቦታዎችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ በሚጓዝ አውሎ ነፋስ አካባቢ፤ ነፋሱ ስለሚዞር አሁን የፈጠረው ሞገድ ቀድሞ ከፈጠረው ጋር ይጋጠማል። ሁለተኛ፣ በዳርቻ አጠገብ፤ የመጣው ሞገድ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ሲመለስ ከሚከተለው ጋር ይገናኛል። ሦስተኛ፣ ከሁለት የተራራቁ አውሎ ነፋሶች የመጡ ሞገዶች በውቅያኖስ መሃል ሲገጣጠሙ።

ሰማይ ላይ ያለው መንገድ

ዝቅተኛ ድምፅ ሩቅ የሚሄደው አየሩ ጉልበቱን ብዙም ስለማይመጥበት ነው። ነገር ግን መንገድም ያስፈልገዋል። መንገዱ ያለው በስትራቶስፌር፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ድምፁ ወደዚያ ሲወጣ ሙቀቱና ነፋሱ ተባብረው ወደ ምድር ያጎብጡታል፤ ከምድር ነጥሮ እንደገና ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ይጓዛል።

ነፋሱ ግን ወቅት አለው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ክረምት የስትራቶስፌር ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በበጋ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ በክረምት በምዕራቡ ያለውን ውቅያኖስ ጥርት አድርጎ ሲሰማ፣ በበጋ የዚያኛው ድምፅ ይደክምና የምሥራቁ ይጎላል። ውቅያኖሱ ዝም ብሎ አይደለም፤ መንገዱ ስለተለወጠ ነው።

ፍጥነቱንም እናስላ። ድምፅ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የ10 ሰከንድ የባሕር ሞገድ ጉልበት ግን በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ አውሎ ነፋስ ወሬው በድምፅ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲደርስ፣ ሞገዱ ራሱ ዳርቻውን የሚመታው ከአራት ቀን በላይ ቆይቶ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ በካሪቢያን አካባቢ ማይክሮሲዝምን በመከታተል ሃሪኬን የት እንዳለ ለማወቅ የሞከረው ለዚህ ነው። ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን መሬትን ማዳመጥ አንዱ አማራጭ ነበር።

ለማን ጫጫታ፣ ለማን መልእክት?

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ስምምነት ለፊርማ ቀረበ። ስምምነቱ እስካሁን በሥራ ላይ ባይውልም ተቆጣጣሪ መረቡ ግን ተዘርግቷል። ከመረቡ አንዱ ክፍል በ35 አገሮች እንዲቆሙ የታቀዱ 60 የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች ናቸው፤ ከ50 በላይ የሚሆኑት ተሠርተው እየሠሩ ነው። በአካባቢያችን በጅቡቲ፣ በኬንያና በማዳጋስካር ጣቢያዎች አሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ ተራርቀው የተቀመጡ ቢያንስ አራት መሣሪያዎች አሉት። ድምፁ የትኛው ጋ ቀድሞ እንደደረሰ በማነጻጸር ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ይህ መረብ አቅሙ ታይቷል። በየካቲት 2013 (እ.ኤ.አ.) በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን ሜትዮር ሩቅ ያሉ ጣቢያዎች ሰምተውታል። በጥር 2022 በፓስፊክ የቶንጋው ሁንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ ያኔ ይሠሩ የነበሩት 53ቱም ጣቢያዎች መዝግበውታል።

ችግሩ ማይክሮባሮም የማያርፍ መሆኑ ነው። ጣቢያው የትም ይቁም የት፣ ነፋሱ ረጋ ሲል የባሕሩ ድምፅ ብቅ ይላል። ያውም አንድ ኪሎ ቶን ያህል ጉልበት ያለው ፍንዳታ በሚሰማበት የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የቦምብ ፍንዳታ ለሚፈልግ ባለሙያ ማይክሮባሮም በትክክል የሻነን ሳጥን ውስጥ የሚገባ ጫጫታ ነው። ምሥጢር ሊሸፍን የሚችል ጫጫታ!

ነገር ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ዶንና ዴቪድ ሪንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒውዮርክ አቅራቢያ ጉዳዩን ገለበጡት። ድምፁ ሁልጊዜ ካለ፣ ጥንካሬው ሲለዋወጥ የሚነግረን ስለ መንገዱ ነው አሉ። የአየር ሁኔታ ፊኛዎች ወደ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ይፈነዳሉ። ከዚያ በላይ ያለውን ነፋስ መለካት ከባድ ነው። ማይክሮባሮም ግን በየቀኑ በነፃ እዚያ ደርሶ ይመለሳል። የአንዱ ጫጫታ የሌላው መልእክት ሆነ ማለት ነው። ዛሬም ተመራማሪዎች በዚሁ ድምፅ የስትራቶስፌር ነፋስን ድንገተኛ መገለባበጥ ይከታተላሉ።

እኛስ ከባሕሩ ጋር ምን አገናኘን?

ባሕር በር የላትም የምንላት አገራችን ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለችም። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፒየር ጉዋን ነበሩ። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ሰብስበው በ1979 አውጥተዋል። ኢትዮጵያ የኑክሌር ሙከራ ክልከላ ስምምነቱን በ2006 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃለች፤ በፉሪ ተራራ ያለው የርዕደ መሬት ጣቢያም የመረቡ አጋዥ ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው መሣሪያ፣ እንደ ማንኛውም የዓለም ጣቢያ፣ የማይክሮሲዝምን ርግብግቢት ይቀበላል። ባሕሩን አናየውም እንጂ እግራችን ሥር ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የሚመለከተን ግን የሚከተለው ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሳይንቲስቶች የማይክሮሲዝምን መዝገብ ከሁለት ጣቢያዎች ወስደው በማነጻጸር ሞገዱ በመካከላቸው ያለውን ምድር ለማለፍ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ማስላት ጀመሩ። ትኩስ ወይም የቀለጠ ዐለት ባለበት ሞገዱ ይዘገያል፤ ቀዝቃዛና ጠንካራ በሆነበት ይፈጥናል። ከብዙ ጣቢያ ሲሰበሰብ የምድሩ የውስጥ ሥዕል ይወጣል፤ ሐኪም በራጅ እንደሚያየው ማለት ነው። ይህ ዘዴ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆና በአፋር ላይም ተሠርቶበታል። ድሮ «መዝገቤን አበላሸብኝ» ተብሎ የሚጣለው የውቅያኖስ ርግብግቢት የስምጥ ሸለቆያችንን የውስጥ ገጽታ ለማየት ዋለ።

ይህ ለእውቀት ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአካባቢው በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝብ የሚጠይቀው «ከሥራችን ምን አለ?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ወደ ባለሙያ ወስዶ መልሱን በሚገባ ቋንቋ ማምጣት ያለበት ጋዜጠኛ ነው። ጋዜጠኛው መሣሪያው ምን እንደሚሰማ ካላወቀ ግን ባለሙያውን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ስለ «ገዳዩ ድምፅ» የሚወራው

የማይሰማ ድምፅ መኖሩ ለወሬ ይመቻል። ኢንፍራሳውንድ መርከበኞችን አሳብዶ ባሕር ውስጥ ያስገባል፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል የሚሉ ጽሑፎች በየቦታው ይገኛሉ። በጣም ኃይለኛ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ በሰውነት ላይ ስሜት መፍጠሩ እውነት ነው። ማይክሮባሮም ግን ከዚያ ወገን አይደለም። አንድ ፎቅ ደረጃ ስንወጣ በዙሪያችን ያለው የአየር ግፊት ወደ 30 ፓስካል ገደማ ይቀንሳል። ይህ ከማይክሮባሮም ቢያንስ በ30 እጥፍ ይበልጣል። ደረጃ በመውጣት ያበደ ሰው አልሰማንም። አንድ ቁጥር ጠይቆ ከሌላ ቁጥር ጋር ማወዳደር ብቻ ብዙ ወሬ ያቆማል፤ ለዚህ ደግሞ የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል እውነተኛው ምሥጢር ከወሬው የበለጠ ይስባል። ጃክ ኦሊቨር የተባለ አሜሪካዊ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ በየ26 ሰከንዱ ገደማ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣ ርግብግቢት እንዳለ አመለከተ። ዛሬም ይሰማል። የሞገድ ግጭት ነው የሚሉ አሉ፤ ከእሳተ ገሞራ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። አፍሪካ ደጃፍ ላይ ያለ፣ በዓለም ጣቢያዎች የሚመዘገብ፣ መልስ የሚጠብቅ ጉዳይ እያለ የሙት መርከብ ተረት ማባዛት ለምን ያስፈልጋል?

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የውቅያኖስ ሞገዶች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይፈጥራሉ፤ ድምፁ በሰማይ መንገድ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል፤ ለቦምብ ፈላጊው ጫጫታ፣ ለነፋስ አጥኚው ደግሞ መልእክት ይሆናል። የምድሩ ወንድሙም ርዕደ መሬት ለሚመዘግበው ጫጫታ፣ ስምጥ ሸለቆን ለሚያጠናው ራጅ ነው። እንግዲህ ጫጫታ የድምፁ ጠባይ አይደለም፤ የአድማጩ ጥያቄ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ ለሙያው ተማሪዎች ከዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይተርፉናል። አንድ መረጃ ሲደርሰን ምንጩ የት ነው? እስኪደርሰን ያለፈበት መንገድ ምን አጎበጠው? የተቀበለው መሣሪያስ ምን መስማት ይችላል፣ ምን አይችልም? ዘጋቢ ወደ አንድ ወረዳ ወርዶ የባለሥልጣኑን መግለጫ ሲቀዳ ከበስተጀርባ የሚሰማውን የሕዝብ ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ «ጫጫታ» ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። ለመግለጫው ጥራት ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዜናው ያለው እዚያ የተቆረጠው ውስጥ ቢሆንስ? ቤኒኦፍና ጉተንበርግ ስፒከራቸውን ገልብጠው ነው ባሕሩን የሰሙት። እኛም ሁልጊዜ ወደ ሕዝብ የምናዞረውን ድምፅ ማጉያ አልፎ አልፎ ገልብጠን ማድመጥ ይኖርብናል።